ጧሪና ቀባሪ በፎገራ ሜዳ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ሐሙሲትን አልፎ ወደ ታች ሲወርድ የፎገራ ሜዳ ይጀምራል። በግራ በኩል መሬቱ እስከ ጣና ድረስ ተንጣሎ ይሄዳል፤ በቀኝ በኩል የደብረ ታቦር ተራሮች ከሩቅ ይታያሉ። የደረስኩት በኅዳር መጨረሻ ነበር። ገሚሱ ሩዝ ታጭዶ በነዶ በነዶ ተኝቷል፣ ገሚሱ ራሱን ደፍቶ ማጭድ ይጠብቃል። ክረምት ላይ ይህ ሁሉ ውሃ ነው። ከምሥራቅ የሚመጡት ጉማራና ርብ ደለላቸውን እዚህ አራግፈው ወደ ጣና ይገባሉ፤ ሜዳውን ያለሙት እነሱ ናቸው፣ ሲሞሉ የሚያጠፉትም እነሱ። የ1998 ዓ.ም. ክረምትን ያየ ሰው አይረሳውም። ወንዞቹ ከአፋቸው ወጥተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ሄደ፤ የሌለው ሸራ ሥር ከረመ። ጎርፍ ሁሉን እኩል ያጥለቀልቃል እንላለን እንጂ ከውሃው ሲወጡ ሰው ያለውና ሰው የሌለው ወዲያው ይለያል።

ሩዝ ራሱ ለዚህ አገር እንግዳ ነበር። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በደራ ጅግናና በፎገራ ሻጋ የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ላይ ተሞከረ። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን ቀረ። ከዚያ በፊት ሜዳው ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት፣ ከዚያም በላይ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬው የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ግጦሽ ነበር። ዛሬ የሩዙ ዘር «ኤክስ ጅግና» ተብሎ በመንደር ስም ይጠራል፣ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ጠላ ይጠመቅበታል። ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞለታል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የባህር ማዶ እህል የአገር ሰው ሆነ። ሰው እንዲህ በቶሎ አይዘመድም፤ እኔን ወደዚህ ያመጣኝም የዚህ ነገር ሐሳብ ነው።

ወረታ የጎንደሩ፣ የባሕር ዳሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በአጨዳ ወራት ጎህ ሳይቀድ መንገድ ዳር የቆመው ሰው ብዛት ይገርማል። ከእብናት፣ ከፋርጣ፣ ከእስቴ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ስንቁን በፌስታል አንጠልጥሎ ሁሉም ከአገሩ ልጆች ጋር ተጠጋግቶ ይቆማል። ቀጣሪው ገበሬ ሲመጣ ዋጋ ይጠየቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ገበሬ መጡና ከሁሉ አስቀድመው ከዳር የቆመውን ልጅ፣

«ከወዴት ነህ አንተ ልጅ?» አሉት።

«ከእብናት ነኝ አባቴ።»

«እብናት የማን ልጅ?»

የአባቱን ስም ነገራቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አያውቁትም። የአያቱን ነገራቸው፤ እሱንም አያውቁትም። «በእናትህ በኩልስ?» አሉ። የእናቱ አባት ቄስ እንደነበሩና የት ደብር ያገለግሉ እንደነበር ሲናገር የሰውዬው ፊት ተለወጠ። ቄሱ የታላቅ ወንድማቸው የክርስትና አባት ሆነው ተገኙ። «እንግዲያማ ቤተሰብ ነህ፤ በል ና» አሉት። ዋጋው ለእሱም ለሌሎቹም አንድ ነው። ልዩነቱ ማታ ነው፤ ሌሎቹ አውድማ ላይ ሩዙን እየጠበቁ ሲያድሩ እሱ ቤት ገብቶ ከልጆቻቸው ጋር ይበላል፣ ወባ ቢያመው ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው ሰው አለ።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። የማን ልጅ ነህ ማለት አንተ ብትታመም ለማን እንላክ፣ ብትሞት ለማን እናርዳ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የምንወቅሰው ይህ ጠያቂነት የመጣው ከክፋት አይመስለኝም። ጤና መድን በሌለበት፣ ጡረታ በማይታወቅበት አገር ሰው ዋስትናው ሰው ነበር። ዕድሩ፣ ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ ወንፈሉና ደቦው የአንድ ነገር ብዙ መልክ ናቸው፤ አምጥተህ ትበላለህ፣ ቀብረህ ትቀበራለህ። ጧሪ ቀባሪ የሌለው መሆን ከድህነት የከፋ ተደርጎ የሚታየው ለዚህ ነው። ጣጣው ያለው ጥያቄውን መመለስ ላልቻለ ወይም የሰጠው መልስ ላልተወደደለት ሰው ነው።

እንደዚያ ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዓለም በር ሳይደርሱ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወደ ቀኝ የምትታጠፍ የጠጠር መንገድ ወደ አውራ አምባ መንደር ታደርሳለች።

የአውራ አምባ መሥራች ዙምራ ኑሩ የተወለዱት በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ እስቴ ውስጥ፣ ከገበሬ ሙስሊም ቤተሰብ ነው። ታሪካቸውን ራሳቸው ለብዙ እንግዳ ነግረውታል። ልጅ ሳሉ እናትና አባታቸው እርሻ ውለው አብረው ይመለሳሉ፤ አባት አረፍ ሲሉ እናት መፍጨት፣ መጋገር፣ ማብሰል፣ በመጨረሻም የባላቸውን እግር ማጠብ ይቀራቸዋል፤ ከዘገዩ ደግሞ ስድብ ወይም ዱላ አለ። ልጁ ለምን ብሎ ጠየቀ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ለምን አብረው እንደማይበሉም ጠየቀ። መልስ ከመስጠት ይልቅ ልጁን እንደታመመ መቁጠር ለቤቱ ቀለለው። ዙምራ ገና በወጣትነታቸው ከቤት ወጥተው ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ አገር ለአገር ዞሩ። ሰው ያገኙት ፎገራ ላይ ነው።

ይህን ስሰማ የዚሁ ሜዳ ልጅ የሆነ ሌላ ሰው ትዝ አለኝ። አለቃ ገብረ ሐና የናበጋ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው። ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው በጨዋታቸው ነው፤ ሊቃውንቱ ግን በማሕሌት አቋቋማቸው ያውቋቸዋል። የዝማሜውን አካሄድ ከጣና ሞገድና ከደንገሉ መወዛወዝ ቀዱት ይባላል። ጎንደር ያሉ ሊቃውንት አዲሱን ነገር እሺ ብለው አልተቀበሉትም፤ ልጃቸው ተክሌ ተማረው፣ ደብረ ታቦር ላይም አስተማረው፣ ዛሬም የተክሌ አቋቋም ተብሎ ይጠራል። አለቃ ከማኅበራቸው አልተባረሩም፤ ልጅ ነበራቸው፣ ደብር ነበራቸው። ዙምራ ግን ለምን ብለው የጠየቁት ገና የእናታቸው ምድጃ ዳር ሳሉ ነበር፣ የተጣሉትም ከቤታቸው ጀምሮ ነው። አዲስ ሐሳብ ይዞ የመጣ ሰው ሺህ ደጋፊ ላያስፈልገው ይችላል፤ ቢያንስ ግን ነገሩን ከእጁ የሚቀበለው አንድ ሰው ሊኖረው ይገባል፤ ያን ሰው ያጣ ወይ ሐሳቡን ይጥላል ወይ ራሱ ይጠፋል።

ስለ አውራ አምባ ሲነገር የሚቀድመው የሴትና የወንድ እኩልነት ነው። እውነት ነው፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይጋግራል፣ ጥጥ ይፈትላል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው። እነዚህ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ወጥተው በአንድ ፈጣሪ እናምናለን ብለው ሲቆሙ፣ ጾሙንና በዓሉን ትተው አዲስ ዓመትን ብቻ ሲያከብሩ፣ የሠርግ ድግሱንና የሙት ተዝካሩን ሲያስቀሩ፣ ያጡት ድግሱን ብቻ አይደለም። ሰው በአገሩ ሰው የሚባልበትን ክር ሁሉ በአንድ ጊዜ በጠሱ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ሁሉ ያን ክር በራሳቸው እጅ እንደገና የመቀጠል ሥራ ይመስለኛል።

የጎረቤቶቻቸውም ቅሬታ እንዲሁ በአላዋቂነት የሚታለፍ አይደለም። ለቀብሬ የማይመጣ፣ ለቅሶዬ ላይ የማይቀመጥ፣ በበዓሌ ቀን የሚያርስ ሰው በገጠር ሕግ እኔን አልፈልግህም ብሎኛል ማለት ነው። እነሱ ያሰቡት ይህን ባይሆንም የተሰማው እንደዚያ ነው። ቅሬታው ወደ ጥላቻ፣ ጥላቻው ወደ ክስ አደገ። በደርግ መጨረሻ ዓመታት ከአማፂዎቹ ጋር ናችሁ ተባሉና በ1981 ዓ.ም. ግድም ማኅበረሰቡ ሌሊት ተነሥቶ ተሰደደ። የደረሱት ከፋ፣ ቦንጋ ነው፤ ከሜዳው አገር ወደ ጫካው አገር። ረሃብና በሽታ ያልነካው ቤት አልነበረም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. አካባቢ ሲመለሱ መሬታቸው በሌሎች እጅ ሆኖ ቆያቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ የተሰጣቸው 17 ሄክታር ተኩል ያህል ነው። አምስት መቶ የሚጠጋ ሰው በዚያች መሬት አርሶ ሊኖር አይችልም።

ስለዚህ ወደ ሽመና ገቡ። ይህን ውሳኔ በዚህ አገር ሚዛን መመዘን ያስፈልጋል። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ በደጋው ኢትዮጵያ ለዘመናት ልጅ የማይሰጣቸው፣ ርስት የማይካፈላቸው ሰዎች ነበሩ። የሠሩትን ለብሰን፣ በሠሩት ማረሻ አርሰን፣ በሠሩት ድስት ወጥ ሠርተን እነሱን ቡዳ ብለን ዓይናቸውን ሸሸን። የጎንደር ቤተ እስራኤሎች ብረትና ሸክላ እየሠሩ ይህን ስም ተሸክመው ኖረዋል፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሥተው ሲሄዱ ብዙው ጎረቤት ያወቀው ማረሻ የሚስል ሰው ሲያጣ ነው። አውራ አምባዎች ቀድሞውንም ከሰው ተራ ወጥተዋል የተባሉ ስለነበሩ ከተናቀ ሥራ የሚጠብቁት ውርደት አልነበረም። ንቀትን በዚህ መንገድ ወደ መሣሪያ የለወጠ ሌላ መንደር አላውቅም።

የሽመናው አዳራሽ ውስጥ አንዲት ወጣት አጠገብ ቆሜ ነበር። እግሮቿ ከታች መርገጫውን ያፈራርቃሉ፣ መወርወሪያው በድሩ መሃል ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል፣ ማጉን ወደ ራሷ ታጠብቃለች። በድንገት አቆመች። ከብዙ መቶ ክር መካከል አንዱ ድር ተበጥሷል፤ እኔ ዓይኔን ባፈጥም አላየሁትም። በጣቷ ዳስሳ አገኘችው፣ ጫፉን በምራቅ አርሳ ከቀሪው ጋር አዞረችና ቋጠረችው፣ ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ ደልድላ ቀጠለች። ከጎኗ አባቷ የሚሆን ሰው ተቀምጦ እንዝርት ያሾራል። ከዚህ አዳራሽ የሚወጣው ጋቢና ብርድ ልብስ መንገዱ ክፍት በሆነበት ዘመን በእንግዳ ይገዛ ነበር፤ ኮሮናና የሰሜኑ ጦርነት ተከታትለው ሲመጡ እንግዳው ቀረ፣ ክምሩ ግን ከመደርደሪያው አልወረደም።

ከአዳራሹ ወጥቼ የሄድኩት ወደ አረጋውያኑ ቤት ነው። ረድፍ ክፍሎች ናቸው፤ አልጋው ንጹሕ፣ ወለሉ የተጠረገ። ልጅ የሌላቸው፣ ኖሯቸውም የሞተባቸው ወይም የራቃቸው አዛውንት እዚያ ይኖራሉ። አንዲት እናት በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ጎልማሳ እግራቸውን በለብ ያለ ውሃ እያጠበላቸው ነበር፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያሻል፣ ተረከዛቸው ላይ የተሰነጠቀውን በቅባት ያለሰልሳል። «የእርስዎ ልጅ ነው እማማ?» አልኳቸው። «የለም፤ ዛሬ የሱ ተራ ነው» አሉኝ።

ተራ። በዚህ ቃል የሚጦር ሰው ሌላ ቦታ አላየሁም። በየሳምንቱ አንድ ቀን አባላቱ ለአቅመ ደካማ የሚሠሩበት አለ፤ «ለወገን ደራሽ» ይሉታል፤ የዚያ ቀን ገቢ ለአዛውንቱ፣ ለታመመው፣ ለችግረኛው ነው። እናት የአባትን እግር ለምን ታጥባለች ብሎ የጠየቀው ልጅ አድጎ ባቆመው መንደር ላይ አንድ ወንድ ዘመዱ ያልሆኑትን እናት እግር ሲያጥብ ማየት ለእኔ ከሁሉም ማስረጃ ይበልጥብኛል። ዙምራን ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2002 ዓ.ም. በክብር ዶክትሬት አክብሯቸዋል፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን የሠሩት ሥራ ትልቁ ክፍል እዚያ በር ላይ ያለው ነው።

ፈረንሳዊቷ ሲሞን ቬይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን በስደት ሆና ስለ ሰው ልጅ ሥር መስደድ የጻፈችው መጽሐፍ አለ። ጽፋ ብዙም አልቆየችም፤ በ1943 እ.ኤ.አ. በ34 ዓመቷ ሞተች፣ መጽሐፉ ከሞቷ ስድስት ዓመት በኋላ ታተመ። ነፍስ ከምትፈልጋቸው ሁሉ ምናልባት ትልቁና ብዙም ያልታወቀው ሥር ማበጀት ነው የሚል ሐሳብ ነው ያላት፤ ሥሩ የተነቀለ ሰው ደግሞ ሌላውን ይነቅላል ትላለች። ከቦንጋ ተመልሰው መሬታቸው ተይዞ ያገኙ ሰዎች የያዙባቸውን ለመንቀል ሳይነሡ ወደ ጥጥ በመዞራቸው ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ በሕይወታቸው ተከራክረውታል። እኔ በዚህ ከእሷ ይልቅ እነሱን አምናለሁ።

እዚህ ላይ ግን ጣና ዳር ያሉትን ሰዎች አልፎ መሄድ ልክ አይሆንም። ነገደ ወይጦዎች ሐይቁን ከሁላችንም በፊት ያውቁታል። ደንገል ቆርጠው ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፋ፣ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ሃይማኖታቸውን ስትጠይቃቸው እስልምና ይሉሃል። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ማዕድ አላጋራቸውም። ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ከባዕድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቋንቋችንን ተናገር፣ እምነታችንን ያዝ፣ ከዚያ የኛ ትሆናለህ የሚል ነው። ወይጦዎች የተባሉትን አደረጉ። ቋንቋቸውን እስከ መጨረሻው ቃል ሰጡ። በምትኩ አንድ ሰሐን አላገኙም። ስለዚህ ሰውን ሰው የሚያደርገው መመሳሰል ነው ለሚሉኝ የምመልሰው ይህንን ነው፦ ባለቤቱ ወደ ማዕዱ ካልጠራ እንግዳው ምን ቢመስል ከደጅ ነው የሚቆመው።

አውራ አምባዎችም ይህን ያወቁ ይመስለኛል፤ አጥራቸውን ዘግተው አልተቀመጡም። ወፍጮ ሲተክሉ ለራሳቸው ብቻ አልተከሉም። ከዙሪያው ቀበሌ ሴቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው ይመጣሉ፤ በተራ ተሰልፈው፣ ዱቄት ለብሰው፣ ስለ ገበያውና ስለ ወለደችው እያወጉ ያስፈጫሉ። የጎረቤት ልጆች እዚያው ይማራሉ። በአንድ ወቅት በእምነታቸው ስትጣላቸው የነበረች መንደር ዛሬ ሽሮዋን የምታስፈጨው እነሱ ዘንድ ነው። ፍቅር ነው አልልም። ለእኔ ከፍቅር በፊት የሚመጣው መፈላለግ ነው፤ አንዱ የሌላውን ደጅ ሳይረግጥ ሳምንቱ የማይሞላለት ከሆነ ጠቡ ቀስ እያለ ስፍራ ያጣል።

ወረታ ተመልሼ ማታ ሻይ ቤት ውስጥ ያገኘሁት አንድ ወጣት አውራ አምባ ተወልዶ ያደገ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ከተማ ውስጥ ይሠራል። በመጀመሪያው ዓመት የተከራየበት ግቢ ባለቤት እናት እንደሞቱ ነገረኝ። ሰፈሩ ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሴቶቹ አለቀሱ። እሱ ያደገበት ቤት ሰውን በሕይወቱ ሳለ መርዳት ነው፣ ከሞተ በኋላ የሚደረገው ብዙ ጥቅም የለውም ብሎ ነው ያስተማረው፤ እሱም ያምንበታል። አስከሬኑ ሲወጣ ግን ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። ሦስት ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፣ ወንበር አመላለሰ፣ ማታ ማታ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ካርታ ተጫወተ።

«ከዚያ በኋላስ?» አልኩት።

«ዕድር ገባሁ» አለኝ። «በየወሩ እከፍላለሁ። ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አንሥቼ ነበር፤ ዕድራችን ለሞተው ሰው ድንኳን ከሚገዛ ለታመመው ሰው የመድኃኒት ገንዘብ ቢያስቀምጥ ብዬ።»

ምን አሉህ ብዬ ጠየቅሁት። ሽማግሌዎቹ ሐሳቡን በጸሐፊው አስጽፈውታል፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጥሯል። ድንኳኑንም መተው አይሆንም፣ መድኃኒቱም ይታሰብበታል ብለዋል። ስብሰባው የሚደረገው በሚመጣው እሑድ ነው፤ እሱም አውራ አምባ ያለበትን የሥራ ቀን ትቶ ለመገኘት ፈቃድ ጠይቋል።